ክራሩን ያስቀመጠው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው፤ አሁን ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። ወጣት ሳለሁ ግጥምና ዜማ እጽፍ ነበር፤ ለመድረክ ሳይሆን ለራሴ። በተለይ በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሠራሁትን አንድ ዘፈን ጓደኞቼ በጣም ይወዱት ነበር። በ2005 ዓ.ም. ትዳር ስይዝ ተውኩት። በሠርጋችን ሰሞን የባለቤቴ አክስት «አዝማሪ ልታገቢ ነው እንዴ?» ብላ ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ ክራሬን በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። ቤት በቀየርን ቁጥርም እንደዚያው ታደርገዋለች። ዘንድሮ አውርጄ እንደገና መጻፍ ጀመርኩ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ ስል ትጠራኛለች፤ ዜማው ይጠፋብኛል፤ ከዚያ እንጣላለን። ትዳር ሕልሜን ቀማኝ፤ አሁንም እንዳልመለስበት እየከለከለችኝ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ ነገር ፍለጋ ነው፦ ባለቤትህ «ሙዚቃውን ተው» ያለችበትን ቦታ። አላገኘሁትም። «አዝማሪ» ያለችው አክስቷ ናት፤ የሳቀው የሠርጉ እንግዳ ነው። የተቆጣኸው ግን በባለቤትህ ላይ ነው።

ያ ቀልድ እንደቆረጠህ ይገባኛል። እኛ አገር አዝማሪን ለሠርግ ጠርቶ፣ ሸልሞ፣ ጨፍሮ ሲያበቃ ልጁን የሚድርለት ሰው ብዙ አልነበረም። ያ ንቀት ዛሬም በጨዋታ መሐል ብቅ ይላል። በሙሽርነትህ ሰው ፊት ሲነገርህ ደግሞ ያሳፍራል። ተሳቀብህ፣ አፈርክ፣ ተውከው። ይህን ለማንም የነገርክ አይመስለኝም፤ ለእሷም ጭምር።

ክራሩንስ ተመልከተው። አንተ እንደ ክስ ነው የጻፍከው፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ክራር ቆዳ የተወጠረበት ዕቃ ነው፤ ካልተጠነቀቁለት ይሰነጠቃል፣ አይጥም አይምረውም። ቤት ሲቀየር ደግሞ መጀመሪያ የሚጣለው ማንም የማይነካው ዕቃ ነው። ይኼኛው ግን በየቤቱ ተጠቅልሎ ተከትሎሃል። ምናልባት ልትደብቀው ፈልጋ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ስትጠብቅልህ ኖራ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ መልሱ እሷ ጋ ነው። ጠይቀሃት ታውቃለህ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ ድሮው ዘፈንህ ቅኝቱን ሳይቀር ነግረኸኛል። ዘንድሮ ስለምትጽፋቸው ግን አንዲት ቃል የለም። ጥሩ ናቸው? መጥፎ ናቸው? አንዱስ አልቋል?

ለረጅም ጊዜ ያቆመ ሰው ሲመለስ የሚገጥመውን ልንገርህ። ባቆምክባቸው ዓመታት መጻፉን እንጂ መስማቱን አልተውክም። በሚኒባስ፣ በሬዲዮ፣ በሠርግ ቤት ስትሰማ ኖረሃል። ስለዚህ ጆሮህ አድጓል፤ መራጭ፣ ነቃፊ ሆኗል። ጣትህና ብዕርህ ግን ወደ ኋላ ሄደዋል። ድሮ ስትጽፍ ጆሮህም እጅህም እኩል ጀማሪዎች ስለነበሩ ራስህን ይቅር ትል ነበር። ዛሬ ያደገው ጆሮ ያላደገውን እጅ ይሰማዋል። «ይሄ ነው እንዴ የእኔ ዜማ?» ይላል። ይህ ያማል፤ ችሎታ የሌለህ ያህል እንዲሰማህም ያደርጋል።

ልክ በዚህ ሰዓት ከጓዳ «ና እስቲ» የሚል ድምፅ ሲመጣ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ትንሽ እፎይ አትልም? ዜማው አልመጣም ከማለት እሷ አጠፋችብኝ ማለት ይቀላል። ለዓመታቱም ያው ነው። ፈርቼ ተውኩት ከማለት ትዳር ቀማኝ ማለት ይቀላል። ክፉ ሰው ሆነህ አይደለም። ያፈረ ሰው ጥፋቱን የሚያስቀምጠው ቅርብ ባገኘው ሰው ላይ ነው፤ ከሚስት የቀረበ ደግሞ የለም። እሷ ግን ያላጠፋችውን ስትክስ ልትኖር አትችልም።

ለምን እንደምትጠራህም አልጻፍክልኝም። በዚያ ብርድ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ለሁለታችሁ የምትተርፈው ሰዓት ያቺው ብቻ ከሆነች፣ ክራሩ ሳይሆን ብቻዋን መቅረቷ ይሆናል ያስከፋት። እዚህ ላይ ልሳሳት እችላለሁ።

ምን ይደረግ ላልከው፣ ጥቂት ነገር ብቻ ልበል። ለጊዜው በአንቺ ሆዬ አትጀምር፤ ራስህን ከዚያ ከተወደደው ዘፈን ጋር ታወዳድራለህ። ክራርህን በትዝታ ቅኝት ቃኝና የምታውቀውን ተጫወት። ለተወሰነ ጊዜ አዲስ ባትጽፍም ግድ የለም፤ እጅህ ይፍታታ። ሰዓቱን ከእሷ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። ቢቻል ደግሞ ያላለቀ፣ የምታፍርበትን አንድ ስንኝ አሰማት። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳምንትም ወርም ሊፈጅብህ ይችላል።

ጠቡ ከባሰ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። እዚያው ደብረ ብርሃን በሆስፒታል ወይም በዩኒቨርሲቲው በኩል የሥነ ልቦና ባለሙያ አጠያይቁና ሁለታችሁም ሂዱ። እሷ ለጊዜው አልሄድም ካለች አንተ ብቻህን ጀምር። ስትሄድ ግን ስለ እሷ ሳይሆን ስለዚያ የሠርግ ሰሞን ሳቅ ቀድመህ አውራ።