ጫት፣ ዶፓሚንና የአይጦች ሩጫ

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ተማሪው ልጄ ጫት ያነቃል እንጂ አንጎል አይነካም እያለ ይሞግተኛል። የጫት ንጥረ ነገር የተሰጣቸው አይጦች ያለ ዕረፍት ይሯሯጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ሩጫውን ከአንጎል ጋር ምን አገናኘው? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ ጫት ያነቃል ማለቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያ ንቃት የሚመጣው ከአንጎል ነው። በለጋው የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ስለሚለወጥ፣ ነጋዴዎች ጫቱን እርጥበቱ ሳይጠፋ ገበያ ለማድረስ ይጣደፋሉ።

የነርቭ ሴሎች መልእክት ሲለዋወጡ ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ይለቃሉ፤ ሥራው ሲያበቃ በሴሉ ግድግዳ ላይ ያለ አጓጓዥ ፕሮቲን መልሶ ያስገባዋል። ኮኬይን ይህን አጓጓዥ ያግደዋል። አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ዕፅና የቅርብ ዘመዱ ካቲኖን ግን ከማገድ አልፈው ወደ ኋላ ያሠሩታል፤ ማስገባት የነበረበት ፕሮቲን በሴሉ ውስጥ የተከማቸውን ዶፓሚን ወደ ውጭ ያፈስሳል። ዶፓሚን በብዛት ከሚደርስባቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ስትሪያተም ሲሆን እንቅስቃሴን ከሚመሩት መካከል ነው። በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን አመንጪ ሴሎች ሲሞቱ ሰውነት የሚገታውና የሚዘገየውም ስለዚህ ነው። በአይጦቹ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። አጓጓዡ ፕሮቲን እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱት አይጦች ምንም ዕፅ ሳይሰጣቸው ከልክ በላይ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ኮኬይንም ሆነ አምፌታሚን ሲሰጣቸው ሩጫቸው አልጨመረም፤ ዕፆቹ የሚሠሩበት ዋናው በር አስቀድሞ ጠፍቷልና።

ሩጫው ግን የብርታት ምልክት እንዳይመስለን። የአምፌታሚን መጠን እጅግ ሲጨምር አይጠ መጎጦች መሮጣቸውን ትተው በአንድ ቦታ ላይ ያለማቋረጥ ያሸታሉ፣ ይልሳሉ፣ ያኝካሉ፤ ተመራማሪዎችም ይህን ድግግሞሽ ከሩጫው ለይተው ይመዘግቡታል። አነስተኛ መጠን በየጊዜው ሲደጋገምም፣ ከቀናት በኋላ ያው መጠን ከመጀመሪያው የበለጠ ሊያስሮጣቸው ይችላል፤ አንጎሉ ለዕፁ የሚሰጠው ምላሽ ተለውጧል ማለት ነው።

የአይጥ ሩጫ ልጅዎ ምን ያህል እንደሚጎዳ አይነግረንም፤ የቃመው መጠንና ድግግሞሹ፣ እንቅልፍ ማጣቱና የግል ጤንነቱ ይለያያሉ። ሆኖም አጓጓዡ ፕሮቲን በሰው አንጎልም ውስጥ አለ፤ ካቲኖንም ያንኑ በር ያገኘዋል።