እርጥበቱ በስንት ሰዓት ነው የተለካው? ስለ ወተት ላሞች የሙቀት ጫና ጥናት ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናትሽን በወተት ላሞች የሙቀት ጫና ላይ ልትሠሪ እንደሆነ ገልጸሽ፣ ከሜትሮሎጂ ጣቢያ የአየር መረጃ ወስዶ ከእርባታው የወተት መዝገብ ጋር ማዛመድ ይበቃል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ስለ ሶፍትዌሩና ስለ ስሌቱ ሌሎች በደንብ መልሰውልሻል። እኔ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ ገንዘብሽንና አንድ ሙሉ የበጋ ወቅት ሊበላብሽ የሚችለውን ነገር ልንገርሽ።

አንደኛ፣ መረጃውን ከመረከብሽ በፊት እርጥበቱ በስንት ሰዓት እንደተለካ ጠይቂ። በጽሑፍ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። ለእኛ የተሰጠን ሰንጠረዥ የዕለቱን ከፍተኛ ሙቀት፣ ዝቅተኛ ሙቀትና አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን ስንት በመቶውን እንደያዘ) የያዘ ነበር። ሰዓት የሚባል ነገር የለበትም። እርጥበቱ አብዛኛውን ቀን 90 በመቶ አካባቢ ነው። እኔ ይህንን ሳይ ወዲያውኑ ተጠራጠርኩ፤ ምክንያቱም አየር ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ይወርዳል። ጠዋት በ18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 90 በመቶ የነበረው አየር፣ በውስጡ ያለው የውሃ ተን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ከሰዓት በኋላ 32 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ 40 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የከሰዓቱን ሙቀት ከጠዋቱ እርጥበት ጋር አጣምሮ ማስላት በዓለም ላይ ያልነበረ ቀን መፍጠር ነው።

በቁጥር እይው። ሁላችንም የምንጠቀምበት ቲኤችአይ የተባለው የሙቀትና የእርጥበት ጥምር መለኪያ፣ በ32 ዲግሪና በ90 በመቶ 88 ይሰጥሻል። በ32 ዲግሪና በ40 በመቶ ግን 79 ነው። ሁለቱ የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። ሙቀቱ 32 በደረሰበት ቀን በረቱ ውስጥ የነበርነው እኛ ነን፤ ላሞቹ ትንፋሻቸው ፈጥኖ ነበር እንጂ አፋቸውን ከፍተው፣ ምላሳቸውን አውጥተው አያለከልኩም ነበር። ሰንጠረዡ ግን ለሕይወታቸው የሚያሰጋ ቀን ነው ይላል።

ይህንን ይዤ መረጃውን ወደሰጠን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «እዚህ የመጣ ተመራማሪ ሁሉ ይህንኑ ወስዶ ተመርቋል፤ አንተን ምን የተለየ አደረገህ?» አለኝ። የየሰዓቱ ዝርዝር መኖሩን ሳላውቅ የጠየቅሁ መስሎት ነበር። መኖሩን እንደማውቅ ስነግረው፣ ያመጣሁት ደብዳቤ «የአየር ጠባይ መረጃ» እንጂ «የየሰዓቱ መረጃ» ስለማይል አዲስ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። አዲሱን ሳመጣ ፈራሚው የሉም። ፈራሚው ሲገኙ ደግሞ ክፍያው ለሌላ ክፍል ነው። በዚህ መሀል የሙቀቱ ወቅት አለፈ፤ ጥናቱም ወደሚቀጥለው ዓመት ተገፋ። ከባልደረቦቼ ገሚሶቹ ባለን እንጨርስ ብለው ገፋፍተውኝ ነበር። እምቢ ማለቴ ዛሬም ያኮራኛል። ለምን መሰለሽ? በዚያ የተሳሳተ ቁጥር ብንቀጥል ኖሮ ወተት መቀነስ የሚጀምረው ቲኤችአይ ከ80 በላይ ሲሆን ነው የሚል ውጤት ይወጣልን ነበር። አርቢውም «የእኔ ላሞች ሙቀት አይጎዳቸውም» ብሎ ማራገቢያውን ትቶ ይተኛ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ መነሻ ተደርጎ ሲሠራበት የቆየው 72 ነበር፤ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጥናት ደግሞ ብዙ ወተት ለሚሰጡ ላሞች ወደ 68 አውርዶታል። 68 ማለት በ50 በመቶ እርጥበት 22 ዲግሪ ገደማ ነው! ለእኔና ለአንቺ ደስ የሚል አየር ለእሷ ጫና ነው። መለኪያው ራሱ መነሻው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ቶም የተባለ ተመራማሪ ለሰው ምቾት ያወጣው ቀመር መሆኑን አስቢ፤ ላም የምግብ መፍጫዋና የወተት ሥራዋ የሚያመነጩትን ሙቀት ተሸክማ ነው የምትውለው።

ሁለተኛ፣ የራስሽን መለኪያ በረቱ ውስጥ ስቀይ። ሙቀትና እርጥበትን በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ይበቃል። ጣቢያው ሣር ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ሜዳ ላይ ቆሟል፤ ላሟ ያለችው በጋለ ቆርቆሮ ሥር፣ ከሌሎች ላሞች ትንፋሽና ከእርጥብ ወለል ጋር ነው። መሣሪያውን በላሟ ጀርባ ከፍታ አድርጊው፤ ፀሐይም ከማራገቢያው ጋር የሚረጨው ውሃም በቀጥታ አይንካው። ምላሷ በሚደርስበት ቦታ ደግሞ ፈጽሞ አታንጠልጥዪው። ከእኛ መሣሪያዎች አንዱን አንዲት ጊደር ስትልሰው ሰንብታ የእርጥበት መስመሩ ከ100 በመቶ አልወርድ ብሎ ነበር። በሽቦ ወንፊት ከሸፈንነው በኋላ ተስተካከለ። የቆርቆሮው ጨረር ከባድ ከሆነ ጥቁር ሉል ቴርሞሜትር (ጨረር በሚስብ ጥቁር ባዶ ኳስ ውስጥ የተቀመጠ ቴርሞሜትር) ጨምሪበት፤ ተራ ቴርሞሜትር ጨረሩን በሚገባ አያሳይሽም።

ላሟን ራሷንም ለኪ። በጣም ርካሹና ታማኙ መለኪያ ትንፋሽ ነው። ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ የጎኗን መነሳትና መውረድ ለ30 ሰከንድ ቁጠሪ፣ በሁለት አባዢ። በደቂቃ ከ60 ካለፈ ሙቀቱ እየጎዳት ነው። አላቢዎቹ ከመግባታቸው በፊት ቁጠሪ፤ የባልዲ ድምፅ ብቻ ቁጥሩን ይለውጠዋል። አማካሪሽ «ይህ ለምን ያስፈልጋል» ሊልሽ ይችላል። የእኔም ብሎኝ ነበር፤ በመጨረሻ የጥናቱ አከርካሪ የሆነው ግን እሱ ነው።

የወተት መዝገቡን ከዚያው ቀን አየር ጋር አታዛምጂ። ወተቱ የሚከተለው የዕለቱን ሳይሆን ከሁለት ቀን በፊት የነበረውን ሙቀት መሆኑን ተመራማሪው ዌስትና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በጥሩ ሁኔታ አሳይተዋል። ሌሊቱንም አትርሺ፦ ሌሊት በረድ ካለ ላሟ የቀኑን ሙቀት ታራግፋለች፤ ሌሊቱም ከሞቀ ዕዳው ይደራረባል።

ሙቀቱ ያላደረገውንም በሙቀቱ ላይ አታላክኪ። ከወለደች ስንት ቀን ሆናት? ስንተኛ ወሊዷ ነው? መኖው በዚያው ወር ተለውጧል? ሙቀት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ መኖ ከሚከፋበት ወቅት ጋር ነው፤ ሁለቱን ካልለየሽ ፈታኞችሽ ያፋጥጡሻል። «ወተቱ የቀነሰው ስላልበላች ነው» የሚሉሽም አይጠፉም። ለዚህ መልስ ይኑርሽ፦ ተመራማሪዎቹ እነ ባምጋርድና ሮድስ ምቹ አየር ላይ ያሉ ላሞችን ሙቀት ላይ ያሉት የበሉትን ያህል ብቻ እያበሉ አነጻጽረው፣ ከወተቱ ቅነሳ የምግቡ ማነስ የሚያብራራው ከ35 እስከ 50 በመቶ ያህሉን እንደሆነ አግኝተዋል። ቀሪው ሙቀቱ በሰውነቷ ላይ በቀጥታ የሚሠራው ነው። ጥናቴን በፈታኞች ፊት ስከላከል ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ይህንን ስመልስ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር።

ከቻልሽ ወተታቸው የነጠፈ፣ ለመውለድ የተቃረቡ ላሞችንም አካትቺ። አይታለቡምና ማንም ጥላ አያስብላቸውም። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እነ ዳል ባደረጉት ተከታታይ ሥራ ግን፣ በዚያ ጊዜ በሙቀት የተጎዳች ላም ከወለደች በኋላ ወተቷ ይቀንሳል፤ በማኅፀኗ የነበረችው ጥጃም አድጋ ስትታለብ ወተቷ ያነሰ ይሆናል። እኔ ይህንን ለመጨመር ፈቃድ ጠይቄ «ከርዕስህ ውጭ ነው» ተብዬ ተከልክያለሁ፤ አንቺ ከመጀመሪያው የጥናት ዕቅድሽ ውስጥ አስገቢው።

ደብዳቤሽን ስታጽፊ እንዲህ በይ፦ «የየሰዓቱ የአየር ሙቀትና አንጻራዊ እርጥበት፣ የተለካበት ሰዓት፣ የመለኪያው ከፍታ፣ እንዲሁም መለኪያው የተበላሸባቸው ቀናት ዝርዝር»። ከእነዚህ አንዱን ከተውሽ ያንኑ ሰበብ አድርገው ይመልሱሻል። ሰንጠረዡ ሲደርስሽ መጀመሪያ አንድ ሞቃት ቀን መርጠሽ የከሰዓቱን እርጥበት ከጠዋቱ ጋር አስተያዪ፤ እኩል ከሆኑ እዚህ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።