ሦስተኛ ኤሲ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ራክ (ሰርቨሮች የሚደረደሩበት መደርደሪያ) የያዘ የሰርቨር ክፍል አለው። ሁለት ኤሲዎች 18 ዲግሪ ላይ ሆነው ሌት ተቀን ይሠራሉ። እንዲያም ሆኖ ከላይ ያሉት ሰርቨሮች የሙቀት ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፤ የመብራት ሒሳቡም አሻቅቧል። ሦስተኛ ኤሲ እንጨምር?

መልስ፦ አሁን አይጨምሩ። መጀመሪያ ቴርሞሜትር ይያዙና የእያንዳንዱን ራክ ፊት፣ ሰርቨሩ አየር በሚስብበት በኩል፣ ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ይለኩ። ከታች 18፣ ከላይ 29 ካገኙ ክፍሉ ቅዝቃዜ አላነሰውም። ከሰርቨሮቹ ጀርባ የወጣው ትኩስ አየር በራኩ አናት ዞሮ ወይም በባዶ ቦታዎቹ ሾልኮ እንደገና እየተሳበ ነው። ሦስተኛ ኤሲ ቢገባም ይኼው አየር መዞሩን አይተውም።

ስለዚህ ክፍተቱን ይድፈኑ። ሰርቨር ያልገባበትን ቦታ ሁሉ በብላንኪንግ ፓነል፣ ማለትም ባዶውን የራክ ቦታ በሚሸፍን ክዳን ይዝጉ፤ አንድ ዩ (የራክ ከፍታ መለኪያ)፣ ማለትም 4.45 ሴንቲ ሜትር እንኳ ክፍት አይተዉ። ፓነል ከጠፋ በልኩ የተቆረጠ ላሜራ ይሠራል፤ ኬብል እንዳይቆርጥ ግን ጠርዙ ይታጠፍ። ካርቶን ፈጽሞ አያስገቡ፤ እሳት ይይዛል፣ ብናኝም ያራግፋል። የኬብል ቀዳዳዎችንና በራኮች መካከል ያለውን ስንጥቅ ይዝጉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከራኩ ሥር ያለው ክፍተት ነው። ራኮቹ በሁለት ረድፍ ከቆሙ ደግሞ ፊት ለፊት ይተያዩ፤ አለዚያ አንዱ ረድፍ የሌላውን ትኩስ አየር ይስባል።

የመብራት ሒሳቡን ለመቀነስ የኤሲዎቹን ዲግሪ ከፍ የሚያደርጉት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የላይኞቹ ሰርቨሮች ይጎዳሉ። በቀን አንድ ዲግሪ እየጨመሩ ከላይኛው ሰርቨር ፊት ይለኩ። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር መመሪያ የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሲሆን የሚለካውም በሰርቨሩ መግቢያ ላይ ነው። ብዙ ኤሲዎች ግን የሚለኩት ወደ ራሳቸው የሚመለሰውን አየር ስለሆነ ስክሪናቸውን አይመኑ።

አዲስ አበባ ላይ 24 ወይም 25 ላይ ቢያቆሙ ይሻላል። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፤ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ከባሕር ጠለል ይልቅ ሲሦ ያህል ተጨማሪ አየር ማለፍ አለበት። መግቢያው ሲሞቅ የሰርቨሩ ፋን ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ 20 በመቶ ሲጨምር የሚበላው ኃይል 70 በመቶ ያህል ያድጋል። ፒዩኢ፣ ማለትም ክፍሉ የሚበላው ጠቅላላ ኃይል ሰርቨሮቹና መሰሎቻቸው ለሚበሉት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ይህን ይደብቀዋል፤ የሰርቨር ፋን እንደ ሰርቨር ሥራ ስለሚቆጠር ቁጥሩ ተሻሽሎ ሒሳቡ ሊጨምር ይችላል። ዋናውን ቆጣሪ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሌሊት የውጭውን አየር ብናስገባስ?

መልስ፦ ለአዲስ አበባ በጣም ይስማማል። መሳቢያው ከጄኔሬተሩ ጭስና ከመንገድ ይራቅ፤ ሸካራ ማጣሪያ ከፊት፣ ደቃቁ ከኋላ ይሁን። ትኩሱ የሚወጣበት ቀዳዳም ከመሳቢያው አይነስ፤ ካነሰ ፋኑ እየታገለ አየር አያስገባም። ጭስ ጠቋሚው ሲጮኽ ፋኑ በራሱ እንዲቆምና መሳቢያው እንዲዘጋ ያስገጥሙ።