የታክል ክንድ ማጠር ብቻውን ወደ ጋርድ አያዛውረውም

በአሜሪካ እግር ኳስ ክንዱ ከ33 ኢንች (84 ሴንቲ ሜትር ገደማ) በታች የሆነ የኮሌጅ ሌፍት ታክል (ኳስ ወርዋሪውን በመስመሩ ግራ ጫፍ ሆኖ የሚጠብቅ ተጫዋች) በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤልም በዚያው ቦታ ሊሰለፍ ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይችላል፤ ይበልጥ የሚወስነው እግሩ ነው። ሁለቱም ከዚህ ልኬት በታች የነበሩት ፒተር ስኮሮንስኪ እና ዊል ካምቤል የተለያየ መንገድ ሄደዋል፦ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2023 ቴነሲ ታይታንስ መርጦ ጋርድ (ከታክሉ ቀጥሎ ወደ መሃል የሚሰለፍ ተጫዋች) ሲያደርገው፣ ሁለተኛውን በ2025 የመረጠው ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ግን በሌፍት ታክልነቱ አሰልፎታል።

ስለዚህ ተጫዋቹን ሲገመግሙ፦

1. ሦስተኛው ሙከራ (ቡድኑ አሥር ያርድ ለመግፋት ካሉት አራት ዕድሎች ሦስተኛው) ላይ ብዙ ያርድ ሲቀር ያሉትን አጋጣሚዎች ለይተው ይመልከቱ። ተከላካዩ (ወርዋሪውን ለመጣል የሚሮጠው ተጋጣሚ) ኳስ እንደሚወረወር አውቆ በሙሉ ኃይሉ ስለሚመጣ፣ ታክሉ ሚዛኑን ሳይስት፣ ወገቡንም ሳያጎብጥ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ከውጭ በኩል የሚመጣበትን መቅደም መቻሉ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

2. እጁን መቼ እንደሚሰነዝር ያስተውሉ። ክንደ አጭር ታክል ቀድሞ ከሰነዘረ ተከላካዩ እጁን መትቶ ያልፈዋል፤ ታግሶ ደረቱን ከያዘው ግን የጎደለውን ርዝመት ያካክሳል።

3. ወደ ኋላ ሲገፋ ጉልበቱን አጥፎ መልሶ መቆም መቻሉን ይዩ።

ከራሴ ልምድ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የተመረጡ ትዕይንቶችን ብቻ አይቼ አንድን ታክል እጅግ አድንቄ ነበር፤ ሙሉ ጨዋታዎቹን ስመለከት ግን ቡድኑ ኳሱን ወዲያው ስለሚወረውር ለረጅም ጊዜ መከላከል የተገደደባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት እንደነበሩ፣ በእነዚያም ደጋግሞ እንደተሸነፈ ተረዳሁ። ስለዚህ በጠንካራ ተከላካዮች ላይ ያደረጋቸውን ቢያንስ ሦስት ሙሉ ጨዋታዎች ሳያዩ አይወስኑ።