«ኪዬሊኒ በሁለት ሐሳብ ቢከፈል ኖሮ» ላልከኝ ተከላካይ

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ለሌላ ሳምንት ላቆየው አስቤ ነበር፤ አንዷ ዓረፍተ ነገር ግን አላስቀምጥ አለችኝ። ሀዋሳ የአካውንቲንግ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነህ። የመሀል ተከላካይ ነህ። አንድ የከፍተኛ ሊግ ክለብ የ2 ዓመት ውል አቅርቦልሃል። አባትህ «ኳሱን ከመረጥክ ቤቴን እርሳው» ብለውሃል፤ አንተም ተናደህ ትምህርቱን ልትተው ቆርጠሃል። ከዚያ እንዲህ ብለህ ጻፍክ፦ «አርአያዬ ጆርጂዮ ኪዬሊኒ ነው። እሱ በሁለት ሐሳብ ቢከፈል ኖሮ እዚያ አይደርስም ነበር።»

ተከፍሎ ነበር እኮ!

ይህ ጣሊያናዊ ተከላካይ የአገሩን ትልቅ ክለብ የጁቬንቱስን ማሊያ ለብሶ እየተጫወተ ቱሪን ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪውን በኢኮኖሚክስና ንግድ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ ለጣሊያን የዓለም ዋንጫ በተጫወተበት በዚያው ዓመት። ሁለተኛውን በቢዝነስ አስተዳደር በኤፕሪል 2017 ያዘ፤ ከ110 110፣ ያውም በከፍተኛ ማዕረግ። የመመረቂያ ጽሑፉ የሚጫወትበትን የጁቬንቱስን የንግድ አሠራር የሚመረምር ነበር። በዚያው ወር ጁቬንቱስ በሻምፒዮንስ ሊግ ባርሴሎናን 3 ለ 0 ሲረታ ሦስተኛዋን ጎል በጭንቅላቱ ያስቆጠረው ማን ነበር? እሱ ራሱ።

አንተን የሚመለከተው ግን ማዕረጉ አይደለም፤ ጊዜው ነው። በሁለቱ ዲግሪዎች መካከል 7 ዓመት ገደማ አለ። የመጀመሪያውን ሲይዝ 26 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። እኛ አገር በዚህ ዕድሜ የሚመረቅ ልጅ «የት ጠፍቶ ነው?» ይባላል። ከባቹ ጋር ገዋን ለብሶ ፎቶ ያልተነሳ ሁሉ የወደቀ ይመስለናል። ደብዳቤህን ሳነብ ያስቆጨኝ ይኸው ነው። አንተም አባትህም የምትከራከሩት በአንድ እምነት ላይ ቆማችሁ ነው፤ ትምህርት ወይ አሁኑኑ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፣ ወይ ጭራሽ ይቀራል። በየሴሚስተሩ 2 ወይም 3 ኮርስ እየወሰደ፣ በ5 ዓመትም ሆነ በ6 የሚጨርስ ሰው አልታያችሁም።

እኔ ዲግሪዬን የያዝኩት በማታ ነው። ቀን የባንክ መስኮት ላይ ብር ስቆጥር ውዬ ማታ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ሳመሳክር አመሽ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽህም።

የኳስ ሥራ ምን ያህል የማይጨበጥ እንደሆነም ከአርአያህ ሕይወት ተመልከት። በ2006 ጁቬንቱስ፣ አመራሮቹ በዳኞች ምደባ ጣልቃ በገቡበት ቅሌት ምክንያት፣ ወደ ሁለተኛው ሊግ ሴሪ ቢ ሲወርድ ኪዬሊኒ ገና 21 ዓመቱ ነበር። በሜዳ ላይ ምንም ሳያጠፋ ትልቁ ክለቡ ከሥሩ ተናደበት። ቆየ፣ አብሮ ተመለሰ፣ በኋላም 9 ተከታታይ የሴሪ ኤ፣ የከፍተኛው የጣሊያን ሊግ፣ ዋንጫ በላ። በኦገስት 2019፣ በ35 ዓመቱ፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና ለወራት ከሜዳ ራቀ። በማርች 2020 ኮሮና ኳሱን ሲያቆመው፣ አምበል ስለነበር በጓደኞቹ ስም ከክለቡ ጋር ስለ ደሞዝ የተደራደረው እሱ ነው፤ ክለቡ በወቅቱ እንዳስታወቀው ቡድኑ የ4 ወር ደሞዙን ለመቀነስ ተስማማ፣ ለዚያ የበጀት ዓመት ወደ 90 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ እፎይታ ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የቀረበለትን ሒሳብ ለማንበብ አስተርጓሚ ያስፈለገው አይመስለኝም። በቀጣዩ ዓመት ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው የአውሮፓ ዋንጫን ከፍ ሲያደርግ 37 ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ደብተር እግር የሚያሰንፍ ቢሆን ይህ ሁሉ ከየት ይመጣ ነበር? በ2023 መጨረሻ ጫማውን ሰቀለ፤ በ2024 ወደ ጁቬንቱስ ቢሮ ገባ።

አንድ ልዩነት አለ፣ አልሸፍነውም። ኪዬሊኒ ዲግሪውን ለእንጀራ አልፈለገውም። አንተ ግን ትፈልገዋለህ። ደሞዝ ለወራት የሚያዘገዩ ክለቦች ባሉበት ሊግ ውስጥ የምትገባ ልጅ ከእሱ ይልቅ የምትማርበት ምክንያት አለህ።

ስለዚህ ውሉን ውሰድ። ዝም ብለህ ከዶርም መጥፋት ግን አይደለም። ሬጅስትራር ሂድና የትምህርት ማቋረጫ ቅጹን (ዊዝድሮዋል) በሥርዓቱ ሙላ፤ ሳይሞሉ የጠፉ ልጆች መመለስ ሲፈልጉ ስንት ቢሮ እንደሚንከራተቱ አይቻለሁ። የውጤት ግልባጭህን በእጅህ ያዝ። ክለቡ ባለበት ከተማ በኤክስቴንሽን አካውንቲንግ የሚሰጥ ተቋም ፈልግና የወሰድካቸውን ኮርሶች እንደሚቀበሉህ በጽሑፍ አረጋግጥ። በቃል «ችግር የለም» የሚልህን ሰው አትመን። የመጀመሪያው ሴሚስተር 2 ኮርስ ይበቃሃል፤ የመውጫ ፈተና እንዳለብህ አትርሳ፣ ዓመታት ዘግቶ የተቀመጠ ደብተር ለዚያ አይሆንም።

አባትህን አከብራቸዋለሁ፤ ቤት መዝጋት ግን ምክር አይደለም። ፍርሃታቸው ልክ ነው፣ ያቀረቡት ምርጫ ልክ አይደለም። ሽማግሌ አትላክባቸው። የኤክስቴንሽን ምዝገባ ወረቀቱን ይዘህ ራስህ ሂድ፣ ተቆጥተው እስኪጨርሱ ጠብቅ፣ ከዚያ አሳያቸው።

ስለ ፊርማው ገንዘብ ደግሞ ቅር ቢልህም እናገራለሁ። እናትህ «ቤቱን እናድስበት» አሉ፤ ጅዳ ያለችው እህትህም ስትልክ የኖረችውን አስታወሰችህ። የእህትህ ውለታ እውነት ነው፣ ይከፈላል። ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ሳይታደስ ቆሟል፣ ሌላ 2 ዓመትም ይቆማል። የ19 ወይም የ20 ዓመት ልጆች የፊርማ ብራቸውን በቆርቆሮና በድግስ ጨርሰው፣ ጉዳት ሲገጥማቸው የኤምአርአይ ዋጋ ከዘመድ ሲለምኑ ማየት ሰልችቶኛል። የመጀመሪያው ድርሻ የትምህርት ክፍያህ ነው፤ በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጠው፣ ለማንም አታበድር።

የቀሩትን ባጭሩ። ወኪል ነኝ የሚለው ሰው ውል ሳይፈረም ብር ከጠየቀህ ስልኩን አታንሳ። ቁመትህ አያሳስብህ፤ ክለቡ አይቶ ነው የጠራህ። ጉልበትህን የሚቆረጥምህን ነገር ግን ክለቡ ከመመርመሩ በፊት አንተ በራስህ ሐኪም አስመርምር።

ክለቡ የትኛው ከተማ እንደሆነ አልጻፍክልኝም። እሱን ጻፍልኝ፣ የውሉንም ኮፒ ሳትፈርም ላክልኝ፤ ተጫዋች ሲጎዳ ደሞዝ ስለሚከፈልበት አንቀጽ ምን እንደሚል ማየት እፈልጋለሁ።