ወፏን ከማርባታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ከእናንተ አንዱ በደቡብ ኢትዮጵያ በሊበን ሜዳ ስለምትኖረው ብርቅዬ ትንሽ ወፍ «የሊበንን ላርክ ለምን ይዘን አናራባትም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው። እኔ ግን ወዲያው የባሊ ማይና የምትባለው ወፍ ነገር መጣብኝ፤ በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች ዛሬም ድረስ ይቆጨናል።

የባሊ ማይና መላ አካሏ ነጭ፣ የክንፏና የጅራቷ ጫፍ ጥቁር፣ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ባዶ ቆዳ ደማቅ ሰማያዊ ነው። አገሯ የኢንዶኔዢያዋ ባሊ ደሴት ናት። በዚያ አገር ዘማሪ ወፍ በቤት ማኖር የቆየ ወግ ስለሆነ ከጫካ እየተያዘች ተሸጠች። የማርባቱ ሥራ ተሳክቶ ነበር፤ በብዙ አገሮች መካነ እንስሳት ውስጥ በደንብ ተራብታለች። በባሊ ባራት ብሔራዊ ፓርክም ወደ ዱር የሚለቀቁ ወፎች የሚቆዩበት ማዕከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የታጠቁ ሰዎች እዚያ ገብተው 39 ወፎች ዘርፈው ሄዱ። በ2001 በዱር የቀሩት 6 ያህል ብቻ ነበሩ። እንቁላሉ ተፈልፍሏል፣ ጫጩቱ አድጓል፣ አጥሩም ቆሟል፤ ከአጥሩ ውጭ የሚኖረው ሰው ግን ተረስቷል። ወፏ ተይዛ ስትሸጥ ብዙ ገንዘብ ታወጣለች፤ ጫካ ውስጥ በመኖሯ ግን ለመንደሩ ሰው ጠብ የሚል ነገር አልነበረም።

ነገሩ መቃናት የጀመረው ይህ ሲገባን ነው። ከፓርኩ አጠገብ ባለችው በሱምበርክላምፖክ መንደር ነዋሪዎች በፈቃድ እንዲያራቡ ተደረገ፤ ከእነሱ መካከል ቀድሞ ወፍ ያጠምዱ የነበሩም አሉ። አርቢ ከሚያገኛቸው ጫጩቶች 10 በመቶውን ወደ ዱር ለመልቀቂያ ይመልሳል። ሕጋዊ ወፍ ሲበዛ ዋጋዋ ይወርዳል፣ የአጥማጁም ትርፍ ይሳሳል። በኑሳ ፔኒዳ ደሴት ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ወፎች ሲለቀቁ መንደሮቹ ጥበቃውን «አዊግ አዊግ» በሚሉት የባህል ሕጋቸው ውስጥ አስገቡት። ፖሊስ ያላየውን ጎረቤት ያየዋል።

ስለ ማርባቱ ሁሉን አልዘረዝርም፣ የወፍ ቤት ንጹሕ ይሁን ማለት ለእናንተ አያስፈልግም። የማይና ጥንዶችን ለየብቻ አኑሩ፤ በእርባታ ወቅት ሌላውን ክፉኛ ያጠቃሉ። ለእያንዳንዱ ጥንድ ከአንድ በላይ የጎጆ ሳጥን ስጡ፣ ይምረጡ። ከ2 እስከ 3 እንቁላል ጥለው ለ2 ሳምንት ያህል ያቅፋሉ። ጫጩት ሲፈለፈል ፌንጣና ትል በበቂ ካልቀረበ ወላጆቹ ጫጩቱን ከጎጆ አውጥተው ሊጥሉት ይችላሉ። የምግቡን የብረት መጠን ተቆጣጠሩ፤ የማይና ጉበት ብረት እያከማቸ ይገድላታል፣ ብርቱካንና ሎሚ ደግሞ ብረቱ ይበልጥ እንዲሰርግ ያደርጋሉ። ጫጩቱ እግሩ ሳይወፍር ቀለበት አጥልቁለት፣ አባቱንና እናቱን በዘር መዝገብ ጻፉ። የዛሬ ልጆች ፎቶ ለማንሳት የሚወዳደራችሁ የለም፣ መዝገብ ግን ይሰለቻችኋል። ያለ መዝገብ ወንድምና እህት ታጋቡና ከጥቂት ትውልድ በኋላ እንቁላሉ ባዶ ይሆንባችኋል።

እንዲህ ስል ግን ማርባት ይቆይ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ፖኡሊ የምትባለውን የሃዋይ ወፍ አስታውሱ። በማዊ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1973 ተገኘች፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሚታወቁት 3 ብቻ ነበሩ። በ2002 እንድትጣመር አንዷን ወደ ሌላው ወፍ መኖሪያ ወስደው ለቀቋት፤ ብዙም ሳትቆይ ወደ ራሷ መኖሪያ ተመለሰች። በመስከረም 2004 አንድ ያረጀ ወፍ ተያዘ፣ ጓደኛ ሳይገኝለት በኅዳር ሞተ። ቀድሞ መጀመር ነበረበት። ስለዚህ አንዱ ታሪክ ቆዩ፣ ሌላው ፍጠኑ ይላል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ወደ ሊበን ልመለስ። በነጌሌ ቦረና አቅራቢያ ባለው ሜዳ ላርኳ ጎጆዋን መሬት ላይ፣ ሣር ሥር ትሠራለች። ሣሩ በግጦሽ ሲያልቅ መሸሸጊያ ታጣለች፣ ጎጆዋም በከብት ኮቴ ይረገጣል። ቁጥቋጦና እርሻም ሜዳውን ከዳር እየበሉት ነው። በሽቦ ቤት ያሳደጋችኋትን በዚህ መሬት ላይ ብትለቋት የት ትገባለች? መፍትሔው እዚያው ያሉ አርብቶ አደሮች እጅ ላይ አለ፦ ለጥጃና ለደከመ ከብት ሣር የሚከልሉበት ካሎ። መጀመሪያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ፤ የትኛው መሬት ከየትኛው ወር እስከ የትኛው እንደሚዘጋ፣ ሣሩ ለማን እንደሚታጨድ፣ ከብት ያስገባ ምን እንደሚቀጣ እነሱ ይወስኑ። ቁጥቋጦውን ለሚመነጥረው የቀን ክፍያ አዘጋጁ።

ጎን ለጎን በብዛት ከሚገኙት የላርክ ዘመዶች በአንዱ ላይ አያያዙን ተለማመዱ፣ በብርቅዬዋ ላይ አትጀምሩ። ላርክ ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ስለምትነሳ የቤቱ ጣሪያ ከሽቦ ሳይሆን ከለስላሳ መረብ ይሁን። ወለሉንም አሸዋና የሣር ጉጥ አድርጉት።