«2 በመቶ ድርሻ ይሰጥዎታል» የሚል የቅጥር ደብዳቤ

ጥያቄ፦ አዘዞ በሚገኝ አንድ ሰሊጥ አበጣሪ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በሒሳብ ሠራተኛነት 5 ዓመት አገልግያለሁ። የቅጥር ደብዳቤዬ «3 ዓመት ሲሞላዎት የድርጅቱ 2 በመቶ ድርሻ ይሰጥዎታል» ይላል፤ የፈረመው ሥራ አስኪያጁ ነው። በፈቃዴ ከለቀቅሁ 4 ወር ሆኖኛል። ድርሻዬን ስጠይቅ «የሚገባው ሥራ ላይ ላለ ሰው ነው» አሉኝ። መክሰስ እችላለሁ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይችላሉ፤ ጊዜው ግን እያለቀብዎት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (መክሰሻ ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል። ከዚህም በላይ ድርጅቱ «ድርሻው መሰጠት የነበረበት ከ2 ዓመት በፊት ነው፤ ይርጋው ያኔ አልፏል» ብሎ መቃወሙ አይቀርም። የእርስዎ መልስ «የጠየቅሁት የንብረት መብት እንጂ የሥራ ክፍያ አይደለም፤ የሚመለከተኝ የፍትሐብሔር ሕጉ የ10 ዓመት ይርጋ ነው» የሚል ይሆናል። በዚህ ተማምነው ግን አይዘግዩ፤ በቀሩት 2 ወራት ውስጥ ክሱን ያስገቡ። ሽማግሌ መላክ መልካም ነው፤ ይርጋውን ግን አያቆመውም። የሚያቋርጠው ክስ መመሥረት ወይም አሠሪው መብትዎን በጽሑፍ ማመኑ ነው።

«ሥራ ላይ ላለ ሰው» የሚለው መከራከሪያ ደካማ ነው። ደብዳቤው ያስቀመጠው ሁኔታ 3 ዓመት መሙላት ብቻ ነው፤ በፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 1733 ደግሞ ግልጽ የሆነ ውል በትርጓሜ አይለወጥም።

ከባዱ ነገር ድርሻው ከማን እንደሚመጣ ነው። አዲስ ባለድርሻ የሚገባው ነባር አባል ከራሱ ድርሻ ሲያስተላልፍ ወይም አባላቱ ወስነው ካፒታሉ ሲያድግ ነው። ሥራ አስኪያጅ ብቻውን ፈርሞ ባለድርሻ አያደርግም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ንግድ ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ሄደው የመመሥረቻ ጽሑፉንና ማሻሻያዎቹን ይጠይቁ፤ የሥራ አስኪያጁን ሥልጣንና የአባላቱን ድርሻ ይዩበት። ፈራሚው ራሱ ባለድርሻ ከሆነና ቃሉ የግሉን ድርሻ የሚመለከት ከሆነ እሱንም አብረው ይክሰሱ። ጉዳዩ የተጠቀሰበት ቃለ ጉባኤ ካለ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው ያመልክቱ።

ክስ ከመመሥረትዎ በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1772 ይህን ይጠይቃል። ቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስፈርሙ። በክሱ ላይ ዳኝነቱን በአማራጭ ይጠይቁ፦ ድርሻው በስሜ ይመዝገብ፤ ካልሆነ ግምቱ ይከፈለኝ። አንቀጽ 1776 እንደ ውሉ ማስፈጸምን በቀላሉ ስለማይፈቅድ ሁለተኛውን ያልጠየቀ ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

ግምቱ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። የተመዘገበው ካፒታል 500,000 ብር ቢሆን 2 በመቶው 10,000 ብር ነው። ድርጅቱ 14 ሚሊዮን ብር ንብረትና 5 ሚሊዮን ብር ዕዳ ካለው ግን የተጣራው 9 ሚሊዮን ነው፤ ድርሻዎ 180,000 ይሆናል። ስለዚህ ኦዲት የተደረገ ሒሳብ እንዲቀርብና ባለሙያ እንዲገምት ይጠይቁ።

ሲለቁ የፈረሙትን ክሊራንስ ያውጡና ያንብቡ። «ከድርጅቱ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለበት ተከሳሽ መጀመሪያ የሚመዘው እሱን ነው፤ ለጠበቃ አስቀድመው ያሳዩ። ሥልጣንዎ የሥራ መሪ የሚያሰኝዎት ከሆነ አዋጁ አይሸፍንዎትም፤ ጉዳዩ መደበኛ የፍትሐብሔር ክስ ሆኖ የዳኝነት ክፍያ ይጠየቅበታል። በሠራተኛነት ከከሰሱ ግን ክፍያ የለም።

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ አነስተኛ ድርጅት አለኝ። ለጎበዝ ሠራተኛዬ ድርሻ ቃል ልገባለት ነው። ምን ልጻፍ?

መልስ፦ በመቶኛ ብቻ አይጻፉ። የድርሻውን ብዛት፣ ከማን እንደሚመጣ፣ በነጻ ወይም በስንት ብር እንደሚሰጥ፣ የሚሰጥበትን ቀን፣ ሠራተኛው ቢለቅ ወይም ቢሞት ድርሻው ምን እንደሚሆን፣ ተመልሶ ሲገዛም ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ ይግለጹ። ግዴታው በበቂ ሁኔታ ካልታወቀ ውሉ በፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 1714 ዋጋ ሊያጣ ይችላል። አባላቱ ወስነው ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ቀኑ ሲደርስም በአባላት መዝገብና በንግድ መዝገብ ያስመዝግቡት።